ሼርሎክ ሆልምስና ጉዱ ካሳ በሶሲዮኒክስ ሚዛን፦ የልብ ወለድ ሰዎች የባሕርይ ዓይነት እንዴት ይለያል?

ጉዱ ካሳ ቆራጥ ታጋይ ነው ወይስ ብቸኛ አሳቢ? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበቡ ሁለት ሰዎች ይህን ጥያቄ ቢያነሱ ክርክሩ ቶሎ አያልቅም። አንዱ በባላባቱ ሥርዓት ላይ የተናገረውን እየጠቀሰ ታጋይ ያደርገዋል፤ ሌላው ደግሞ አገሩ ሁሉ እንደ እብድ እያየው በሐሳቡ ተጠልሎ የሚኖር ሰው አድርጎ ይሥለዋል። ሁለቱም ያነበቡት አንድ መጽሐፍ ነው፤ የጎደላቸውም ማስረጃ አይደለም። «ይህ ሰው ምን ዓይነት ነው?» ሲባል ከሰውየው ምኑን ማየት እንደሚገባ የተስማሙበት መመዘኛ ስለሌላቸው ብቻ እያንዳንዳቸው ዐይናቸው ያረፈበትን ይዘው ይሄዳሉ። ሶሲዮኒክስ የሚባለው የባሕርይ ምደባ ለእንዲህ ያለው ክርክር መመዘኛ አለኝ ይላል። ይህ ጽሑፍ ምደባው እንዴት እንደሚሠራ ካስረዳ በኋላ በሁለት ተወዳጅ የልብ ወለድ ሰዎች ላይ፣ ማለትም በሼርሎክ ሆልምስና በጉዱ ካሳ ላይ፣ እስከ መጨረሻው ሞክሮ ያሳያል።

ሶሲዮኒክስን የመሠረቱት አውሽራ አውጉስቲናቪቹቴ (እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 2005) የሚባሉ የሊትዌኒያ ሴት ሲሆኑ፣ ሐሳባቸውን ያዳበሩት አገራቸው የሶቪየት ኅብረት አካል በነበረችበት በ1970ዎቹ ነው። መነሻቸው ሁለት ነበር። የመጀመሪያው የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተሙት የሥነ ልቦና ዓይነቶች ጥናት ነው። ሁለተኛው የፖላንዱ የአእምሮ ሐኪም አንቶኒ ኬምፒንስኪ ያቀረቡት ሐሳብ ነው፤ ኬምፒንስኪ ሰውነት ምግብን ተቀብሎ፣ ፈጭቶ፣ የሚጠቅመውን ወስዶ የቀረውን እንደሚያስወግድ ሁሉ አእምሮም መረጃን እንዲሁ ያደርጋል ይሉ ነበር። አውጉስቲናቪቹቴ ሁለቱን አጋጥመው አንድ ጥያቄ አነሡ፦ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መረጃ የማይመገቡ ከሆነ፣ አንዱ የሚጠግብበት ሌላው የማይቀምሰው ከሆነ፣ የሰዎች መግባባትና አለመግባባት ከዚህ ይመነጭ ይሆን? የትምህርቱ ስም ከማኅበረሰብ ጋር የተያያዘውም ለዚህ ነው። ዋና ጉዳዩ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ ሳይሆን በሰውና በሰው መካከል የሚያልፈው ነገር ነው።

ከመቀጠላችን በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ሶሲዮኒክስ በዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ጥናት ዘንድ ተቀባይነት ያገኘ ሳይንስ አይደለም። በሙከራ የተረጋገጠ መሠረቱ ደካማ ነው፤ የባሕርይ ተመራማሪዎች በአብዛኛው የሚሠሩት አምስቱ ዐበይት በሚባሉት የባሕርይ መለኪያዎች ነው። ስለዚህ ሠራተኛ ለመቅጠር፣ የትዳር ጓደኛ ለመምረጥ ወይም በሕይወት ባለ ሰው ላይ ፍርድ ለመስጠት ልንጠቀምበት አይገባም። ልብ ወለድን በጥንቃቄ ለማንበብ ግን ጠቃሚ መሣሪያ ነው ብዬ አምናለሁ። የልብ ወለድ ሰው ያለው ሁሉ ከገጹ ላይ ነው፤ እኔ ያየሁትን አንተም ታያለህ፤ ስሳሳት ገጹን ከፍተህ ልታርመኝ ትችላለህ። በምደባው ብንሳሳትም የሚጎዳ ሰው የለም።

በአንድ ሳሎን ውስጥ ስምንት እይታ

የሶሲዮኒክስ መሠረት የሆኑት ስምንት የመረጃ ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያ ስማቸው በሩሲያኛ ስለሆነ እዚህ በአማርኛ «እይታ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ነገሩን በቅርብ ለማየት አንድ ቤት እንግባ። ቀኑ እሑድ ነው፤ ሦስት ሽማግሌዎች የቤቱን ልጅ ለትዳር ሊጠይቁ መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል። የሚነገረው ቃል ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚሰማው ግን አንድ አይደለም።

የልጅቱ አጎት ከንግግሩ ውስጥ የሚለቅመው ልጁ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚያገኝ፣ ቤት ለመያዝ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ነው፤ ይህ የአሠራር እይታ ነው፣ የሚጠይቀውም «ይሠራል ወይ?» ብሎ ነው። አጠገቡ የተቀመጡት ጡረተኛ ዳኛ ደግሞ ሽማግሌው አሁን ያሉት ቅድም ካሉት ጋር መግጠም አለመግጠሙን፣ ነገሩም በወጉና በቅደም ተከተሉ መሄዱን ይከታተላሉ፤ ይህ የሥርዓት እይታ ነው፣ የሚጠይቀውም «ይገጥማል ወይ?» ብሎ ነው። ታላቅ እህቷ ክፍሉ እንደከበደ ወዲያው ይሰማታል፤ አንድ ጨዋታ ጣል አድርጋ ሁሉንም ታስቃለች፤ ይህ የድባብ እይታ ነው። እናትየው የምታየው የልጇ ልብ ከዚህ ሰው ጋር መሆን አለመሆኑን፣ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከልም ቅሬታ መኖር አለመኖሩን ነው፤ ይህ የቅርበት እይታ ነው። ወንድሟ ከሽማግሌዎቹ መካከል ማን እየተጫነ እንደሆነ፣ ማን ቢገፋ እንደሚያፈገፍግ በአንድ ዐይን መዝኗል፤ ይህ የኃይል እይታ ነው። አክስቷ ከበሩ የሚገባው ነፋስ የአዛውንቱን ጉልበት እንደሚነካው አይታ ጋቢ ታቀርባለች፣ ቡናው እንዳይቀዘቅዝ ታያለች፤ ይህ የምቾት እይታ ነው። ታናሽ ወንድሟ ልጁ ውጭ አገር ቢማርስ፣ ሁለቱ አብረው ሥራ ቢከፍቱስ እያለ ገና ያልሆነውን ይዘረዝራል፤ ይህ የአማራጭ እይታ ነው። ጥግ ላይ የተቀመጡት አያት ደግሞ ብዙ ሳይናገሩ «ይሄ ነገር በዛሬ አያልቅም፤ በኋላም ከሰኔ አያልፍም» ይላሉ፤ ይህ የጊዜ እይታ ነው፣ ነገሮች ወዴት እያመሩ እንደሆነ መስማት ማለት ነው።

ስምንቱም እይታዎች በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ አሉ። ልዩነቱ በየትኛው ቦታ ላይ መቀመጣቸው ነው። ከስምንቱ አራቱ፣ ማለትም አሠራር፣ ሥርዓት፣ ድባብና ቅርበት፣ ፍርድ የሚሰጡ ናቸው፤ የቀሩት አራቱ ያለውን የሚቀበሉ ናቸው። እንደዚሁም አሠራር፣ ድባብ፣ ኃይልና አማራጭ ወደ ውጭ የሚያዩ ሲሆኑ ሥርዓት፣ ቅርበት፣ ምቾትና ጊዜ ወደ ውስጥ የሚያዩ ናቸው። አንዱ እይታ በመሪነት ሲቀመጥ ሁለተኛው አጋዥ በሁለቱም በኩል ተቃራኒው መሆን አለበት፤ መሪው ፈራጅና ወደ ውስጥ የሚያይ ከሆነ አጋዡ ተቀባይና ወደ ውጭ የሚያይ ይሆናል። ሥርዓት መሪ ከሆነ፣ ለምሳሌ፣ አጋዥ ሊሆኑ የሚችሉት አማራጭ ወይም ኃይል ብቻ ናቸው። ስምንት መሪዎች እያንዳንዳቸው ሁለት አጋዥ ሊኖራቸው ስለሚችል አሥራ ስድስት ዓይነቶች ይወጣሉ።

ከመሪና ከአጋዥ በተጨማሪ ሌሎች ስድስት ቦታዎች አሉ፤ ለልብ ወለድ ሥራ በጣም የሚጠቅሙኝ አራቱ ስለሆኑ በእነሱ ላይ እቆያለሁ። ስስ ቦታ ሰውየው የሚደክምበትና ሲነኩት የሚያመው ነው። የጥማት ቦታ ራሱ የማይችለው ነገር ግን ከሌላ ሰው ሲያገኘው ፊቱ የሚበራበት ነው። ቸል የሚባለው ቦታ ደግሞ አውቆትም የማይጨነቅለት ነው። ከጀርባ የሚሠራው ቦታ በጣም የሚችለው፣ ሳያስበው የሚያደርገው፣ ራሱ ግን ትልቅ ዋጋ የማይሰጠው ነው። የአሥራ ስድስቱ ዓይነት ግንኙነት የሚሰላው እነዚህ ቦታዎች በሁለት ሰዎች መካከል እንዴት እንደሚገጥሙ በማየት ነው። የአንዱ መሪ የሌላውን ጥማት፣ የአንዱ አጋዥም የሌላውን ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ሲመልስ ጥንድነት ይባላል፤ አውጉስቲናቪቹቴ ከግንኙነቶች ሁሉ የላቀ ያሉት ይህንን ነው።

ስሙ እንዳያሳስተን

ዓይነቶቹ በታዋቂ ሰዎችና በልብ ወለድ ሰዎች ስም ይጠራሉ፦ ዶን ኪኾቴ፣ ዱማ፣ ሁጎ፣ ሮቤስፒዬር፣ ሐምሌት፣ ማክሲም ጎርኪ፣ ዡኮቭ፣ የሴኒን፣ ናፖሊዮን፣ ባልዛክ፣ ጃክ ለንደን፣ ድራይዘር፣ ሽቲርሊትዝ፣ ዶስቶየቭስኪ፣ ሀክስሊ፣ ጋቤን። ለጀማሪ ትልቁ ወጥመድ ይህ ዝርዝር ነው። ስሙ ለማስታወስ የተሰጠ ቅጽል እንጂ የተረጋገጠ ምደባ አይደለም።

ሽቲርሊትዝን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1973 በሶቪየት ቴሌቪዥን የቀረበው የስለላ ተከታታይ ድራማ ዋና ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ ብዙ የሚያስብ፣ ረጅም ጊዜ ሳይናገር የሚቀመጥ ሰው ሆኖ ይታያል። በስሙ የተጠራው ዓይነት ግን ወደ ውጭ የሚያይ፣ መሪው አሠራር የሆነ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ የሚያስተባብርና ሰው የሚያንቀሳቅስ ነው። ስሙን የሰጡት ሰዎች የሽቲርሊትዝን ሥራ አክባሪነትና ንጽሕና አይተው ሊሆን ይችላል፤ ድራማውን ያየ ሰው ግን ግራ መጋባቱ አይቀርም። ዶን ኪኾቴም እንዲሁ ነው። በስሙ የሚጠራው ዓይነት መሪው አማራጭ፣ አጋዡ ሥርዓት ሲሆን ያልተሞከረ ሐሳብ ለማግኘት የሚሮጥ የፈጠራ ሰው ነው። ሰርቫንቴስ የጻፉት ዶን ኪኾቴ ግን በነፋስ ወፍጮዎች ላይ ጦሩን ይዞ ሲጋልብ አዲስ አማራጭ እየፈለገ አይደለም፤ ከመጻሕፍት የወሰደውን አንድ የጀግንነት ታሪክ ይዞ ዓለምን ሁሉ በዚያ ታሪክ ውስጥ ያስገባል። እኔ እንደማየው ይህ ከአማራጭ ይልቅ ወደ ጊዜና ወደ ድባብ እይታ የቀረበ ነው፤ ይህም ሐምሌት በሚባለው ዓይነት ሠፈር የሚገኝ ነው።

ሌላው ወጥመድ በአሜሪካ ካትሪን ብሪግስና ልጃቸው ኢዛቤል ማየርስ ያዘጋጁት ባለአራት ፊደል መለኪያ ነው። እሱም ከዩንግ የመነጨ ነው፤ ፊደሎቹም ይመሳሰላሉ። ነገር ግን የመጨረሻው ፊደል የሚቆጠርበት መንገድ ወደ ውስጥ በሚያዩት ዓይነቶች ላይ ስለሚለያይ አንድ ሰው በዚያ ያገኘውን ውጤት እንዳለ ወደ ሶሲዮኒክስ ቢያሻግር ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል።

ሆልምስ፦ መሪው ግልጽ፣ አጋዡ አከራካሪ

አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. ከ1887 እስከ 1927 በአራት ረጃጅም ልብ ወለዶችና በ56 አጫጭር ታሪኮች የጻፉት ሼርሎክ ሆልምስ ለምደባ የሚመች ነው፤ ማስረጃው ብዙ ነውና። የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው። ብዙ ሰው «ብልህ መርማሪ ነው» ብሎ ከሙያው ተነሥቶ ይመድበዋል፤ ብልህነት ግን በአሥራ ስድስቱም ዓይነት ውስጥ አለ፣ መርማሪነትም እንዲሁ። መጠየቅ ያለብን በምን መንገድ ብልህ እንደሆነ ነው።

በመጀመሪያው ታሪክ ውስጥ ሆልምስ ስለ ራሱ ዘዴ የጻፈው አንድ ጽሑፍ ይጠቀሳል። በዚያ ጽሑፍ በሥርዓት የሚያስብ ሰው ከአንዲት የውኃ ጠብታ ተነሥቶ አይቶት የማያውቀውን ውቅያኖስ ሊደርስበት እንደሚችል፣ ሕይወት ሁሉ አንድ ሰንሰለት እንደሆነና አንዱ ቀለበት ከታየ የቀረው እንደሚታወቅ ይከራከራል። ስለ 140 ዓይነት የትምባሆ አመድ ለይቶ ጽፏል። ወደ ባልደረባነት የሚመጣውን ዶክተር ዋትሰንን ገና ሲያየው ከአፍጋኒስታን የመጣ መሆኑን ይነግረዋል፤ እንዴት እንዳወቀ ሲጠየቅም እርምጃዎቹን አንድ በአንድ ደርድሮ ያሳያል። ለእሱ ድምዳሜው ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ መንገዱ ሳይቋረጥ መያያዝ አለበት። ይህ «ይገጥማል ወይ?» የሚለው የሥርዓት እይታ በመሪነት ሲቀመጥ የሚታይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መቃወሚያ ይነሣል። በዚያው ታሪክ ዋትሰን ሆልምስ ምድር በፀሐይ ዙሪያ መዞሯን የማያውቅ መሆኑን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ሆልምስ ደግሞ ይህ ዕውቀት ለሥራው ስለማይጠቅመው አሁን ከሰማው በኋላም ለመርሳት እንደሚሞክር ይናገራል። እንዲህ ዕውቀትን በጥቅሙ ብቻ የሚለካ ሰው መሪው አሠራር አይደለምን? ይህ ጥያቄ ብዙዎችን መሪው አሠራር ወደሆነው ወደ ጃክ ለንደን ወይም አጋዡ አሠራር ወደሆነው ወደ ባልዛክ ዓይነት ወስዷቸዋል። መልሱ ቦታን ከጉልበት በመለየት ይገኛል። መሪው ሥርዓት በሆነ ሰው ውስጥ አሠራር ደካማ አይደለም፤ እንዲያውም ብርቱ ነው፤ የሚቀመጠው ግን ቸል በሚባለው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ሆልምስ ጥቅምን ማስላት መቻሉ ከሥርዓት መሪነት ጋር አይጋጭም።

የጥማት ቦታውን ስናይ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። መሪው ሥርዓት የሆነ ሰው የሚጠማው ድባብ ነው፤ ከሌሎች ሰዎች የሚመጣ ሙቀት፣ አድናቆትና ግልጽ ስሜት። ዋትሰን ሆልምስን ሲያደንቀው ቀዝቃዛ የሚመስለው ይህ ሰው በደስታ ፊቱ ይቀላል፤ ተራኪው ዋትሰን ራሱ በጥበቡ መመስገን አንዲት ልጃገረድ በውበቷ ስትመሰገን የሚሰማትን ያህል ይነካው እንደነበር ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1893 በወጣው አንድ ታሪክ የጠፋውን የመንግሥት ሰነድ ካገኘው በኋላ ለባለቤቱ እንዲሁ አይሰጠውም፤ በቁርስ ሰዓት ከሳህን መክደኛ ሥር ደብቆ ያቀርብለታል፤ ሰውየው መክደኛውን ሲያነሣ ሊሆን የሚችለውን ለማየት። አሠራር መሪው የሆነ ሰው ሰነዱን ሰጥቶ ወደ ሌላ ሥራው በሄደ ነበር።

መሪው ሥርዓት፣ ጥማቱ ድባብ ከሆነ የሚቀሩት ሁለት ዓይነቶች ብቻ ናቸው። አጋዡ አማራጭ ከሆነ ሮቤስፒዬር፣ አጋዡ ኃይል ከሆነ ማክሲም ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም የአንዱ አጋዥ ለሌላው ስስ ቦታ ነው። ሮቤስፒዬር ሰውን መግፋት፣ መጋፈጥና መጫን ያደክመዋል። ማክሲም ደግሞ መጨረሻ የሌለው «ሊሆን ይችላል» ያደክመዋል።

ለሮቤስፒዬር የሚቆመው ማስረጃ እንዲህ ነው፦ ሆልምስ በአንድ ታሪክ ውስጥ ያለውን መረጃ የሚያስረዱ ሰባት የተለያዩ ማብራሪያዎችን እንዳሰላ ይናገራል። ሰባት! ይህ አማራጭ ስስ ቦታው ከሆነ ሰው አይጠበቅም፤ በምደባዬ ላይ የሚቆረቁረኝ እሾህም ይህ ነው። ነገር ግን በሌላ ቦታ መገመትን አጥብቆ ይነቅፋል፤ እሱ ከቶ እንደማይገምት፣ ግምት የማሰብ ኃይልን የሚያጠፋ ክፉ ልማድ እንደሆነ ይናገራል። ማብራሪያዎቹንም የሚዘረዝረው ለመዝጋት ነው፤ የማይሆነውን እያስወጣ አንዱ ብቻ እስኪቀር ድረስ። አማራጭ አጋዡ የሆነ ሰው ግን አንዱን በር ከፍቶ ሌላ ሦስት በር ሲያገኝ ነው ደስ የሚለው።

ለማክሲም የሚቆመው ማስረጃ ደግሞ በእጅ የሚጨበጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 በወጣው ታሪክ አንድ ግዙፍና ቁጡ ሐኪም የሆልምስን ቤት በር በርግዶ በመግባት እያስፈራራው የእሳት መቆስቆሻውን ብረት በእጁ አጉብጦ ይወረውራል። ሆልምስ በሰውየው ማስፈራራት አይናወጥም፤ ይስቃል፣ ያሾፋል፤ ሰውየው ከሄደ በኋላም የጎበጠውን ብረት አንሥቶ በእጁ ያቀናዋል። ማንም አላዘዘውም፤ የሚያየውም ዋትሰን ብቻ ነው። ኃይል ስስ ቦታው የሆነ ሰው ከእንዲህ ያለ ግጭት በኋላ ቀኑን ሙሉ ሲደክም ይውላል። ሆልምስ ቦክስ የሚችል፣ በዱላ ፍልሚያ የሠለጠነ፣ አስፈላጊ ሲሆን የሰው ቤት ሰብሮ የሚገባ ሰው ነው። በዚህ ምክንያት እኔ ማክሲም እለዋለሁ።

ይህን ምደባ የሚያጠናክረው የዋትሰን ነገር ነው። ዋትሰንን መመደብ ከሆልምስ ይከብዳል፤ ተራኪ ስለሆነ ሌላውን ሲያሳየን ራሱን ይሰውራል። ሆኖም ደጋግሞ የሚያሳየው ሁለት ነገር አለ፦ ስሜቱን ሳይደብቅ ማድነቅና ለወዳጁ አካል መጨነቅ። ይህ የድባብና የምቾት አንድነት ሁጎ ወደሚባለው ዓይነት ያደላል። ማክሲምና ሁጎ ሙሉ ጥንድ አይደሉም፤ የማክሲም ሙሉ ጥንድ ሐምሌት ነው። የሁለቱ ግንኙነት ግማሽ ጥንድነት ይባላል፤ መሪዎቹ አንዱ የሌላውን ጥማት ያረካሉ፣ አጋዦቹ ግን አይገናኙም። በዋትሰን በኩል አጋዥ የሆነው ምቾት በሆልምስ በኩል ከጀርባ በሚሠራው፣ ራሱ ትልቅ ዋጋ በማይሰጠው ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። በታሪኮቹ ውስጥ የምናየውም ይኸው ነው። ሆልምስ ጉዳይ ሲይዝ ምግብ ይተዋል፤ ሥራ ሲያጣ ሰባት በመቶ የኮኬይን ብጥብጥ በክንዱ ይወጋል፤ ዋትሰን እንደ ሐኪምም እንደ ወዳጅም ይቆጣል፣ ይለምናል፤ ሆልምስ በትሕትና ሰምቶ ነገሩን ያልፈዋል። ዋትሰን ከዚያ ልማድ ቀስ በቀስ እንዳላቀቀው የሚነግረን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የዋትሰንን አድናቆት ግን ሆልምስ አንድም ቀን አሳልፎት አያውቅም።

ጉዱ ካሳ፦ ከሆልምስ ጋር የሚጋራውና የሚለይበት

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ልብ ወለድ ውስጥ ካሳ ዳምጤ «ጉዱ» የሚለውን ቅጽል ያገኘው በንግግሩ ነው። የባላባት ዘመድ ሆኖ ሳለ የባላባቱን ኑሮ ከሥሩ ይመረምራል፤ ሌላው ሰው የአምላክ ትእዛዝ አድርጎ የሚቀበለውን ልማድ እሱ ሰው የሠራው፣ ሰውም ሊያፈርሰው የሚችል አድርጎ ያየዋል። አገሩም እብድ ይለዋል።

ብዙ አንባቢ ጉዱ ካሳን በቁጣ የተሞላ ተናጋሪ አድርጎ ያስታውሰዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ጉዱ ካሳን የምናውቀው ከገጹ ብቻ ሳይሆን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ካነበቡት ትረካ ነው፤ ያ ድምፅ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ስሜት፣ ሳቅና ቁጣ የሚሰጥ ታላቅ ድምፅ ነበር። ትረካውን የሰማ ሰው በጉዱ ካሳ ውስጥ የድባብ እይታን ብርቱ አድርጎ ቢሰማ አይደንቅም። ምደባ ግን ከጽሑፉ መነሣት አለበት፤ ተራኪው ወይም ተዋናዩ የጨመረው የራሱ የተራኪው ነው። ሆልምስን በፊልም ብቻ የሚያውቅ ሰውም በዚሁ መንገድ ይሳሳታል።

ወደ ጽሑፉ ስንመለስ የጉዱ ካሳ ንግግር አሠራር ምን እንደሚመስል ማየት አለብን። በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚናገረው ፊታውራሪን ስለሚጠላ አይደለም። ፊታውራሪ ቢሞቱ ሌላ ፊታውራሪ እንደሚተካ ያውቃል። የሚያየው አንዱ በሌላው ላይ የተደገፈበትን መዋቅር ነው፦ የበላዩ በበታቹ ላይ፣ ልማዱ በፍርሃት ላይ፣ ፍርሃቱ ባለማወቅ ላይ። መሪው ቅርበት ቢሆን ኖሮ መነሻው «እነዚህ ሰዎች ለድሃው ጨካኞች ናቸው» የሚል ይሆን ነበር። እሱ ግን የሚጠይቀው ይህ ሥርዓት ራሱ ከሚሰብከው ጋር ይገጥማል ወይ ብሎ ነው። ይህ ከሆልምስ ጋር አንድ ያደርገዋል፤ ሁለቱም በሥርዓት እይታ ይመራሉ።

አጋዡ ግን ሌላ ነው። ጉዱ ካሳ ያለውን ሲመረምር ወዲያው ሊኖር የሚችለውን ያያል፤ የባላባት ልጅና የድሃ ልጅ ቢጋቡ፣ ልማዱ ቢቀየር፣ ሰው በትውልዱ ሳይሆን በሰውነቱ ቢለካ። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ለአገሩ ሁሉ የማይታሰብ ሲሆን ለእሱ የሚታሰብ የሆነው ለዚህ ነው። ኃይልን በተመለከተ ግን እጁ ባዶ ነው። በዚሁ መጽሐፍ ገበሬዎቹ በፊታውራሪ ላይ ሲነሡ ጦሩን የሚመራው አበጀ በለው ነው፤ ጉዱ ካሳ በሐሳብ ከማንም ቀድሞ የደረሰበትን ነገር በጉልበት የሚፈጽመው ሌላ ሰው ነው። ሰዎች ሲስቁበት አይጋፋቸውም፤ ወደ ሐሳቡ ይመለሳል። የብረት መቆስቆሻውን ለእሱ ብትሰጡት የሚነግራችሁ ብረቱ ለምን እንደጎበጠ፣ ማን እንዲያጎብጠው እንደተፈቀደለት ነው።

ስለዚህ ጉዱ ካሳ ሮቤስፒዬር ነው። እዚህ ላይ ስሙ ራሱ አንባቢን ሊያሳስት እንደሚችል እገነዘባለሁ፤ የፈረንሳዩ አብዮተኛ ስም ስለሆነ ጉዱ ካሳም አብዮተኛ ስለሆነ ይህን ስም ያገኘ ይመስላል። ምክንያቱ ይህ አይደለም። ወግ አጥባቂ የሆነ፣ ያለውን ሥርዓት በጽኑ የሚከላከል ሮቤስፒዬርም ይኖራል፤ ዓይነቱ የሚነግረን ሰው በምን መንገድ እንደሚያስብ እንጂ ምን ብሎ እንደሚደመድም አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻንም ጦር አዝማች ስለሆኑ ብቻ መሪያቸው ኃይል ነው ማለት ያው ስሕተት ነው፤ ለሰብለ የሚመጣውን ባል ሁሉ በዘር ሐረግ እየለኩ ሲመልሱ የሚታየው ከኃይል ይልቅ ደረጃን አጥብቆ መያዝ ነው።

ያልወሰንኩት የሰብለ ወንጌልን ነው። በመጽሐፉ ብዙ ገጾች ውስጥ የአባቷ ቤት ውስጥ ተዘግታ ስለምትኖር የምታደርገው ነገር ጥቂት ነው፤ ጥቂት የሚያደርግ ሰውን መመደብ ደግሞ ከባድ ነው። ድራይዘር የሚባለውን ዓይነት፣ መሪው ቅርበት አጋዡ ኃይል የሆነውን፣ የሚጠቁም ነገር አለ፤ አንድን ሰው ወድዳ ሌላውን ሁሉ ትተዋለች፣ ጊዜው ሲደርስም ቤቷን ጥላ ትወጣለች። ነገር ግን ዶስቶየቭስኪ የሚባለው ዓይነትም መሪው ቅርበት ነው፤ የእሱ አጋዥ ግን አማራጭ፣ ስስ ቦታውም ኃይል ነው። ሁለቱን የሚለየው አንድ ቦታ ብቻ ይመስለኛል፤ ከአባቷ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ መንገድ የምትጀምርበት ክፍል። ያንን ክፍል ደግሞ የምታነቡ ከሆነ ፍቅሯ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ሳይሆን ይህን ልብ በሉልኝ፦ በመንገድ ላይ የሚያስፈራት ነገር ሲገጥማት ቆማ ትጋፈጠዋለች ወይስ ዞራ የምታልፍበት ሌላ መንገድ ትፈልጋለች?